ደገኛ ናት፣ ሥሯ አየር ይሻል

ከቅዳሴ ስንወጣ "እማማ፣ ያቺን ቢጫ አበባ እንዴት አድርገው ነው የሚያቆዩዋት?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ ልጆች በዝታችኋል። ቆሜ የምመልሰው ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። 72 ዓመቴ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከገባሁ 34 ዓመት አልፎኛል፤ ከዚያ ውስጥ ከ20 የሚበልጠውን ከሰፈራችን የአትክልተኞች ክለብ አልተለየሁም። የምነግራችሁ በዓይኔ ካየሁትና በገዛ እጄ ከገደልኩት ነው። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

አበባዋ ቪሬያ ትባላለች። የሮዶደንድሮን ወገን ናት፤ ነገር ግን እዚህ በየግቢው በር ከምታዩት፣ ከሂማላያና ከቻይና ከመጣው ትለያለች። የእሷ አገር ቦርኒዮ፣ ኒው ጊኒ፣ ሱማትራ፣ ጃቫና ፊሊፒንስ ነው። ከ300 በላይ ዓይነት አላት፤ ይህም በዓለም ላይ ካሉት ወደ 1,000 ከሚጠጉ የሮዶደንድሮን ዝርያዎች ሲሶው መሆኑ ነው። አፍሪካ ውስጥ አንድም አገር በቀል ሮዶደንድሮን የለም። ሆኖም የሰሜን ተራሮችን ወይም ባሌን የረገጠ ሰው ዘመዷን ያውቃል፤ አስታ ከእሷ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። አስታ በምን ዓይነት ብርድና ጉም ውስጥ እንደሚቆም ያየ የቪሬያን ግማሽ ጠባይ ሳይነገረው ያውቀዋል።

እኔ ግን አላስተዋልኩም ነበር። ተክሏን የሸጠልኝ ሰው "ትሮፒካል ናት፣ ሙቀት ትወዳለች" ሲለኝ አምኜ ሳሎን ውስጥ ማሞቂያው አጠገብ አኖርኳት። የቅጠሏ ጫፍ እየደረቀ ሲመጣ ወደ ጓሮ አወጣኋትና፣ አያቴ ጎመን ስትተክል እንዳየሁት፣ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ፍግ አልብሼ ጠዋት ማታ አጠጣኋት። የእኛ ሰፈር አፈር እንደ ዋልካ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ያጣብቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት ወር አልሞላትም። ስነቅላት ሥሯ እንደ በሰበሰ ክር በእጄ ላይ ተበጣጠሰ፤ ሽታው የረጋ ኩሬ ሽታ ነበር።

በኋላ ክለቡ ውስጥ እንደሰማሁት ይህ ስህተት የቆየ ነው። በ1840ዎቹ ቶማስ ሎብ የተባለ ተክል ሰብሳቢ ቪሬያን ከእስያ ደሴቶች ለእንግሊዙ የቬይች ችግኝ ቤት ላከ። ቬይቾችም እያዳቀሉ በመቶ የሚቆጠሩ አዳዲስ ዓይነቶች አወጡ፤ ያኖሯቸው ግን በድንጋይ ከሰል በሚሞቅ የመስታወት ቤት ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ከሰሉም ሠራተኛውም ሲታጣ አብዛኞቹ አለቁ። ደገኛ መሆኗን ሰው በደንብ የተረዳው ዘግይቶ ነው።

እኛ ግን ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገንም ነበር። አገራችን ሐሩር ክልል ውስጥ ናት፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ በኅዳር ውርጭ ይጥላል። የአዋሽ ሸለቆና የሸዋ ደጋ በአንድ ፀሐይ ሥር ናቸው፤ የለያቸው ከፍታው ነው። ቪሬያም አብዛኛዋ የምትኖረው ጉም በማይለየው ተራራ ላይ ነው። ቦርኒዮ ውስጥ ያለው፣ ቁመቱ 4,095 ሜትር የሆነው የኪናባሉ ተራራ ብዙ ዓይነቷን ያኖራል። ቀኑ ለብ ይላል፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። "ትሮፒካል" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ተክል ስታዩ እንግዲህ መጀመሪያ "ቆለኛ ነው ደገኛ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደገኛ ናት ስላልኩ ደግሞ ውርጭ ትችላለች ማለቴ አይደለም። ብርዱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ከጣሪያ ሥር አስገቧት።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ የሥሯን ነገር እንዳትረሱ። ከቪሬያ ብዙዋ የምትበቅለው መሬት ላይ ሳይሆን በሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ በተከማቸ ብስባሽ ቅጠልና በዛፍ ሽበት መሃል ነው። ዛፉን አትመጠውም፤ ተጠግታው ትኖራለች እንጂ። ዝናብ ሲመታት ውሃው ወዲያው ይወርዳል፣ ከሥሯ ዙሪያ የሚቀረው እርጥብ አየር ብቻ ነው። እንዲህ ያለችውን ተክል እኔ ዋልካ ውስጥ ቀበርኳት።

ይህን ያሳዩኝ የክለቡ ትልቁ አዛውንት ናቸው፤ ያኔ ወደ 80 ይጠጉ ነበር። ቤታቸው ወስደው አንዷን ቪሬያ ከነማሰሮዋ ቧንቧ ሥር አስቀመጡና ውሃውን ለቀቁት። ከላይ ሲገባ ወዲያው ከታች ወጣ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለሽ ሳትጨርሺ ውሃው ካልወጣ መትከያው ከብዷል ማለት ነው" አሉኝ። እስከ ዛሬ አዲስ የተከልኩትን ሁሉ እንዲሁ እቆጥርለታለሁ።

የምተክልበትን የማዘጋጀው እንዲህ ነው። ለኦርኪድ የሚሸጠውን የዛፍ ቅርፊት፣ የባቄላ ክክ የሚያህለውን እገዛለሁ። ዓይኑ ሰፋ ባለ ወንፊት እነፋዋለሁ፤ እዚህ ላይ የእናቶቻችን ሥራ ይገለበጣል፤ ያለፈውን ዱቄት እደፋና በወንፊቱ ላይ የቀረውን እይዛለሁ። ውሃ ይዞ ሥሩን የሚያንቀው ያ ዱቄት ነው። ሦስት እጅ ቅርፊት፣ አንድ እጅ ፐርላይት፣ አንድ እጅ ፒት ሞስ እቀላቅላለሁ። ማሰሮው ትንሽ ይሁን። ማሰሮው ሲሰፋ ሥሯ ያልደረሰበት ቦታ ረጥቦ ይሰነብታል፣ መበስበስም ከዚያ ይጀምራል። አንገቷን አትቅበሩ። ከጀበና የተረፈ የቡና አተላ ላይዋ ላይ መድፋት የሁላችንም ልማድ ነው፤ ለእሷ ግን አይሆንም፤ ደቃቅ ስለሆነ የአየሩን መግቢያ ይደፍናል።

ቅጠሏ ሲጠወልግ ቶሎ ብላችሁ ውሃ አትድፉባት። ስትጠማም ሥሯ ሲበሰብስም አጠወላለጓ አንድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገድላት እዚህ ላይ ነው። ማሰሮዋን አንሱና መዝኑ፤ ውሃ የቀዳ ሰው ሙሉና ባዶ እንስራ ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል። ቀላል ከሆነች ጠምቷታል። ከብዳ እያለች ከጠወለገች ቀስ ብላችሁ አውጧትና ሥሯን እዩ፤ ቡናማና ልቁጥ ያለውን በመቀስ አስወግዳችሁ በአዲስ ቅርፊት ትከሏት። ኦክላንድ የምንጠጣው ውሃ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች የሚመጣ ስለሆነ ለስላሳ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በሚታደልበት ሰፈር ያላችሁ ግን ውሃችሁ ኖራ ሊበዛበት ይችላልና የዝናብ ውሃ አጠራቅሙላት።

የጠዋት ፀሐይ ትወዳለች፤ ከቀትር በኋላ ጥላ ስጧት። ማዳበሪያ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው በግማሽ አቅጥኑ። ወር ጠብቃ አታብብም፤ እኔ ዘንድ አንዷ ለገና ስትፈነዳ ሌላዋ ለፍልሰታ ትደርሳለች። ያቺ የምትጠይቁኝ ቢጫ ላኤቱም የምትባለው የኒው ጊኒ ልጅ ናት። ስትከፈት አደይ አበባን ትመስላለች፣ በሰነበተች ቁጥር ቀላ እያለች ትሄዳለች። ቅጠሏን ገልብጣችሁ ብታዩ ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ተነስንሶበታል። እሱ ተፈጥሮዋ ነው፤ አንድ አዲስ አባላችን ግን በሽታ መስሎት መድኃኒት ረጭቶ ቅጠሏን አቃጠለው። የምትፈሩት ዝገት የሚባለውን ነው፤ እሱ ብርቱካናማ ዱቄት ሆኖ ስትነኩት ጣታችሁ ላይ ይቀራል።

አሁን ስለ ክለቡ ልንገራችሁ። የገባሁት የመጀመሪያዋ ከሞተችብኝ በኋላ ነው። በወር አንድ ማታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንሰበሰባለን። እኔ በእንግሊዝኛዬ አፍሬ ስድስት ወር ያህል ከኋላ ወንበር ላይ ዝም ብዬ ተቀምጬ ተመለስኩ። አፌን የፈታልኝ ላቲን ነው። የተክሎቹ ስም ሁሉ ላቲን ነው፤ ላቲን ደግሞ እዚያ ቤት ለማንም የአፍ መፍቻ አይደለም። ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ ጡረታ የወጣው መካኒክም ስሙን በየራሱ አፍ ይጠራዋል፣ ማንም ማንንም አያርምም። እኔም "ላኤቱም" አልኩ፤ ሁሉም ዞሮ "አለሽ እንዴ?" አለኝ። "ሞተችብኝ" ስላቸው አንድም ሰው አልገረመውም። እንዴት እንደሞተች፣ የት አስቀምጫት እንደነበር፣ በምን እንደተከልኳት እየጠየቁ አንድ ሰዓት ያህል ከእኔ ጋር ቆዩ።

የክለብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ያበበለት አንድ ዘለላ በጠርሙስ ይዞ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ የሞተበትም ተነስቶ አሟሟቷን ይናገራል። እኔ ዘንድ ከሁለቱ የሚበልጠው የሁለተኛው ንግግር ነው። መጽሐፍ ስለ ካሊፎርኒያ ሊጽፍ ይችላል፤ የኦክላንድ ኮረብታ ጉምና የእኔ ሰፈር ቃጠሎ እንዴት እንደሚለያዩ የሚነግረኝ ግን ሦስት መንገድ አልፎ የሚኖር ሰው ነው። ኮረብታው ላይ፣ ልክ እንደ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ በበጋ ጉሙ ቅጠሉን ሲነካው እየጠፈጠፈ መሬቱን ያረጥበዋል። እዚያ ላሉት አባላት ውሃ ማጠጣት ቀላል ነው፤ እኔ ታች ሆኜ የእነሱን ልክ ብከተል አደርቃት ነበር።

ከክለቡ የተማርኩት ትልቁ ነገር ቁራጭ መስጠት ነው። አበባዋ ካለፈ በኋላ የወጣውን ቀንበጥ ጠንከር ሲል፣ ግን እንጨት ሳይሆን፣ በጣት ርዝመት እቆርጣለሁ። የላይኛዎቹን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ትቼ በግማሽ እከረክማቸዋለሁ። ከታች በሁለት በኩል ልጣጩን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለት ገፍፌ፣ የሥር ማብቀያ ዱቄት ነክሬ፣ በረጠበ ፐርላይትና ፒት ሞስ ውስጥ እሰካታለሁ፤ ከላይ የፕላስቲክ ከረጢት አለብሳትና ጥላ ሥር አኖራታለሁ። ከስድስት ሳምንት እስከ አራት ወር ትወስዳለች። ሳብ ስታደርጓት እንቢ ካለች ሥር ይዛለች። ስሟንና የተሰካችበትን ቀን በእርሳስ ጻፉላት፤ ቀለም ፀሐይ ያጠፋዋል፣ እርሳስ ግን ዓመታት ይቆያል።

በጥር 2007 ካሊፎርኒያን ከባድ ውርጭ መታት። እኔ ለልጄ ምጥ ሌላ ከተማ ሄጄ ነበርና ተክሎቼን የሚያስገባልኝ አልነበረም። ስመለስ ዘጠኙም ማሰሮ ጥቁር ሆኖ ጠበቀኝ፤ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን ይመስል ነበር። ላኤቱሟም አብራ ሄደች። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ግን ለእኚያ አዛውንት ቁራጭ ሰጥቻቸው ነበር። ቤታቸው ኮረብታው ወገብ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ ውርጩ የእሳቸውን ግቢ አልነካውም። በመጋቢቱ ስብሰባ ሥር የያዘች ልጇን በማሰሮ አድርገው አመጡልኝ። ዛሬ የምታዩዋት እሷ ናት። እሳቸው ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል፤ ከእሳቸው ግቢ የተወሰዱ ቁራጮች አሁን በአሥራ ስድስት አባላት ቤት ይገኛሉ።

ሌላ ቦታ ላላችሁ ደግሞ አንዳንድ ነገር ልበል። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ፌደራል ዌይ ወዳለው የሮዶደንድሮን ዝርያዎች የዕፅዋት ስፍራ ልጆቻችሁን ውሰዱ፤ ቪሬያን በመስታወት ቤት ውስጥ ታዩዋታላችሁ። ኤድንብራ ያላችሁም የከተማችሁ የዕፅዋት ስፍራ በቪሬያ ክምችቱ በዓለም የታወቀ ነው። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ የምትኖሩ ክረምቱን ብርሃን ባለው ቀዝቃዛ ክፍል አሳልፏት፣ ማሞቂያ አጠገብ ግን አታስጠጓት። ዱባይና ሪያድ ላላችሁ አልመክርም፤ ሌሊቱ ሳይቀዘቅዝ አትኖርም። አዲስ አበባ ትስማማት ይሆናል ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ይሁንና ያለ ፈቃድና ያለ ተክል ጤና ምስክር ወረቀት በሻንጣ ደብቃችሁ እንዳትወስዱ፤ ከአንድ ቁራጭ ጋር የሚሻገር በሽታ የሌላ ሰው ማሳ ሊያጠፋ ይችላል። ሌላም አለ፤ የሮዶደንድሮን ወገን ቅጠልና አበባ መርዛማ ነውና አፉ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ የሚከት ሕፃን ያላችሁ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏት።

ከአገር ቤት መጥተው ልጅ ልጅ እየጠበቁ ቤት የሚውሉ እናቶችና አባቶች ያሏችሁን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አብዛኞቹ እድሜያቸውን ሙሉ ሲተክሉ የኖሩ ናቸው፤ በወር አንድ ማታ በመኪና አምጥታችሁ ክለቡ በር ላይ አውርዷቸው። እንግሊዝኛውን እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ እተረጉማለሁ።

ዘንድሮም መጋቢት መጨረሻ ላይ ከላኤቱሟ ቁራጭ እወስዳለሁ። የምትፈልጉ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤት ብቅ በሉ፤ እርጥብ ሶፍትና የፕላስቲክ ከረጢት ያዙ።