ጣሪያውን ያየ ቤቱን አየ ወይ?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የአባቶቻችን ተረት። የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ከፈረሰ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1972 አሜሪካኖች ላንድሳት የተባለውን ሳተላይት ካመጠቁ ወዲህ ሰማዩ እየታረሰ ነው። በሬ ትልም ይዞ እንደሚመላለስ ሁሉ፣ ሳተላይቱም ከዋልታ ወደ ዋልታ እየተመላለሰ መላይቱን ምድር ትልም በትልም ያነሣታል፤ ሲጨርስም ከመጀመሪያው ትልም ደግሞ ይጀምራል። የቀረው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ሰማዩ በመታረሱ ንጉሡ የሚከሰስ ሆኗል ወይ? ንጉሥ ስንል ዘውድ የጫነውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ደሴት ገዝቶ፣ ዙሪያውን ባሕር፣ ደጁን ዘበኛ ያስጠበቀ ሁሉ በየፊናው ንጉሥ ነው።

ነገሩን ያስነሣው የሻይ ቤት ክርክር ነው። አንድ ጓደኛችን ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ አድሮ፣ የአንዲትን ደሴት የሳተላይት ፎቶግራፎች በየዓመታቸው ደርድሮ ይዞልን መጣ። «እዩ! ይቺ መንገድ እዚህኛው ላይ የለችም፤ እዚህኛው ላይ አለች። ይኼ ቤት አልነበረም፤ ይኸው በቀለ። ሁሉ ነገር ይታይ ነበርኮ!» አለ። አንዲት ጓደኛችን ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣ «እና ምን ታየ?» አለችው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሰላም የለንም። ከፊላችን ከእሱ ጋር፣ ከፊላችን ከእሷ ጋር ወገንን፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ፣ ማፈሪያ ቢሆንም፣ እንደ ዕለቱ ሻይ ከፋይ ወገን ቀያየርን።

ደሴቲቱ ሊትል ሴንት ጀምስ ትባላለች። በካሪቢያን ባሕር፣ የአሜሪካ ግዛት በሆኑት በቨርጂን ደሴቶች፣ ከሴንት ቶማስ ጠረፍ አጠገብ ትገኛለች። ሠላሳ ሔክታር ገደማ ናት፤ በአገራችን የድሮ ልክ አንድ ጋሻ እንኳ አትሞላም። ጄፍሪ ኤፕስቲን የተባለው ባለገንዘብ በ1998 ገዛት፤ በ2016 ጎረቤቷን ግሬት ሴንት ጀምስን ጨመረ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ከላይ ለሚያይ ሰው ታሪኩ ግልጽ ይመስላል። ቁጥቋጦ የለበሰው ኮረብታ በመንገድ ይቆራረጣል። ዘንባባ በረድፍ ይቆማል። በአንደኛው ጫፍ ነጭና ሰማያዊ መስመር የተቀባ፣ ወርቃማ ጉልላት የደፋ አራት ማዕዘን ቤት ብቅ ይላል፤ በመስከረም 2017 ኢርማና ማሪያ የተባሉት ማዕበሎች ካለፉ በኋላ ጉልላቱ የለም። በዚህች ጉልላት የተነሣ በዓለም ዙሪያ ስንት ሰው ስንት ሌሊት እንቅልፉን እንዳጣ እግዜር ይወቀው። ቤተ ጣዖት ነው ያለ አለ። የዋሻ በር ነው ያለም አለ።

ዘዴው ራሱ የጥንቆላ ሥራ አይደለም። በተለያየ ጊዜ የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎችን ነጥብ በነጥብ አነባብሮ አንዱን ከሌላው መቀነስ ነው፤ ያልተለወጠው ይጠፋፋል፣ የተለወጠው ይቀራል። ለምለም ቅጠል ዐይናችን የማያየውን ታህተ ቀይ ጨረር አብዝቶ ወደ ላይ ስለሚመልስ፣ ዱር የተመነጠረበት ቦታ እንደ ቁስል ተለይቶ ይወጣል። የሚያሳስትም አለበት። ባሕሩ ሲሸሽ ደሴቲቱ የሰፋች ይመስላል፤ ድርቁ ሲጠና ምንጣሮ ይመስላል። የነጥቡ መጠንም ሌላ ጣጣ ነው። የላንድሳት አንድ ነጥብ በምድር ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ አንድ ግቢ ከነቤቱ ከነጓሮው በአንዲት ነጥብ ይዋጣል። ይህ መዝገብ በ2008 ለሁሉም በነፃ ተከፈተ። ከ2015 ጀምሮ አውሮፓውያን ያመጠቋቸው ሴንቲኔል-2 የተባሉት እስከ 10 ሜትር ይወርዳሉ። ገንዘብ ያለው ደግሞ ከነጋዴ ድርጅቶች 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወርደውን ይገዛል።

ይህ ዐይን ሲቀናው ጉድ ይሠራል፤ አንክድም። በ1976 ካናዳውያን የላንድሳትን ፎቶግራፍ ሲመረምሩ ከላብራዶር ጠረፍ ማዶ በካርታ ላይ ያልነበረች፣ 25 ሜትር በ45 ሜትር የሆነች ደሴት አገኙ። ስሟንም ላንድሳት ደሴት አሏት። መኖሯን ሊያረጋግጥ ከሔሊኮፕተር በገመድ የወረደውን ባለሙያ ግን ነጭ ድብ ጠበቀውና በመዳፉ ሰነዘረበት፤ ሰውየው ለጥቂት ተረፈ። ፎቶግራፉ ደሴቲቱን አሳይቷል፤ ድቡን አላሳየም።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። በጥር 2020 የቨርጂን ደሴቶች ዐቃቤ ሕግ በሟቹ በኤፕስቲን ንብረት ላይ ክስ መሠረተች። በክሱ ላይ ከተዘረዘረው ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ከዚያች ደሴት በዋና ለማምለጥ መሞከሯ፣ ፈላጊ ተልኮ መያዟና ፓስፖርቷን መነጠቋ ይገኛል። ይህን ባነበብን ጊዜ ሻይ ቤቱ ዝም አለ። የሚዋኝ ሰው ከውኃ በላይ የሚታየው ራሱ ነው። የሰው ራስ ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። በዚያች ሰዓት በገበያ ካሉት ሳተላይቶች ምርጡ በላይዋ ቢያልፍ እንኳ ልጅቷ ከአንዲት ነጥብ አትበልጥም ነበር፤ ያቺንም ነጥብ ከማዕበል አረፋ የሚለይ ሰው አይገኝም። በላንድሳት ከሆነማ እሷም አሳዳጇም አንዲት ነጥብ ውስጥ ይገባሉ፤ የነጥቧም ቀለም ሰማያዊ ይሆናል።

«ቆዩ፣ ቴክኒኩ ገና ይሻሻላል» አለ ጓደኛችን። ይሻሻል እንበል። አምስት ሳንቲ ሜትር ይድረስ፤ ፀጉሯም ክንዷም ይታይ። ያኔ የምናየው ምንድን ነው? በሚያምር ደሴት ዳር፣ በሚያምር ባሕር የምትዋኝ ልጃገረድ! ለሽርሽር መጥታ ነው እንል ነበር። ወደ የት እንደምትዋኝ ልናይ እንችል ይሆናል፤ ከምን እንደምትሸሽ ግን ነጥቡን ብናሳንሰው ብናሳንሰው አይወጣም። እሱን የምታውቀው እሷ ናት። ማወቅ ከፈለግን እሷን መጠየቅ፣ ጠይቀንም ማመን ይኖርብናል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኛን ራሳችንን የሚነካው። በ2005 በፍሎሪዳ ፓልም ቢች የአንዲት ልጅ ቤተሰብ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊስም ሲያጣራ ሌሎች ብዙ ልጃገረዶች ተመሳሳይ ቃል ሰጡ። በዚያው በ2005 ጉግል ኧርዝ ለሕዝብ ተከፈተና ማንም ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የፈለገውን ጣሪያ ማየት ቻለ። በአንድ ዓመት ሁለት ምስክር መጣ ማለት ነው፤ አንዱ የሰው ድምፅ፣ ሌላው የሰማይ ፎቶግራፍ። ፎቶግራፉን ዓለም እልል ብሎ ተቀበለው። የልጃገረዶቹ ቃል ግን በ2008 በድርድር ተቋጨ፤ ሰውየው 18 ወር ተፈረደበት፣ 13 ወር ያህል ታሰረ፣ ያንንም ቢሆን ቀን ቀን ከእስር ቤት እየወጣ ቢሮው ይውል ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። ሳተላይቶቹም ከላይ ማለፋቸውን ቀጠሉ።

ፎቶግራፍን እንዲህ በቀላሉ የምናምነው፣ ሰውን ግን የምንጠረጥረው ለምንድን ነው? «ፎቶግራፍ አይዋሽም» የሚለው መልስ አያጠግበንም፤ በድርቅና በባሕር መሸሽ ምን ያህል እንደሚዋሽ አይተናል። እኛ የደረስንበት ሌላ ነው። ፎቶግራፍ ከኛ ምንም አይጠይቅም። ምስክር ግን መልሳ ታየናለች። ከእሷ ጋር መቆም ወይም ጥሎ መሄድ ግድ ይሆናል፤ ካመንናት በኋላ ያው ሆነን መቀጠል ይቸግረናል። ስለዚህ ለምን ሄድሽ፣ ለምን ዝም አልሽ፣ ገንዘብ ተቀብለሻል ወይ ብለን እናፋጥጣታለን። ፎቶግራፉን «ያኔ ለምን ዝም አልክ?» ብሎ ያፋጠጠው የለም። ደግሞስ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት የማን አቀማመጥ ነው? የንጉሡ የራሱ አይደለም እንዴ? ሌሊቱን ጣሪያ ስንቆጥር ስናድር ተበዳይን የረዳን ይመስለናል፤ የተቀመጥነው ግን በሰገነት ላይ ነው።

እንዲህ ስላልን ማየት ይቅር ማለታችን አይደለም። ጓደኛችን በዚህ በኩል እውነት አለው፤ ከእሷ ጋር የወገንነውም ብንሆን ይህን መካድ አልቻልንም። ግሬት ሴንት ጀምስ ላይ የተደረገውን እንይ። በኅዳር 2022 የሟቹ ንብረት ጠባቂዎች ለቨርጂን ደሴቶች መንግሥት ከ105 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍሉ ተስማሙ። ከዚህ ሌላ 450,000 ዶላር በዚችው በሁለተኛዋ ደሴት ዙሪያ ለደረሰው የተፈጥሮ ጉዳት ማስተካከያ ተመደበ። በዚያ ለግንባታ ሲባል፣ በባርነት ተይዘው ይሠሩ የነበሩ ሰዎች የተዉት የብዙ ዘመን ፍርስራሽ ተጠርጎ ነበር። ደሴቶቹ ያኔ የዴንማርክ ነበሩ። ባርነት የቀረው በ1848 ነው። በ1917 ደግሞ ዴንማርክ ደሴቶቹን በ25 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ሸጠች፤ ነዋሪውን በይፋ ድምፅ ያስሰጠው የለም። እነዚያ ባሮች ቃል የሚሰጡበት ፍርድ ቤት አላገኙም። የነበራቸው ምስክር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩንም ቡልዶዘር ወሰደው። ጠያቂም ተጠያቂም በሌለበት እንዲህ ባለ ቦታ፣ የትናንቱን መሬት ከዛሬው ጋር አስተያይቶ «እዚህ ተነክቷል» የሚል ዐይን ትልቅ ነገር ነው። ቡልዶዘሩ ድንጋዩን ሊያነሣ ይችላል፤ መዝገብ ውስጥ የገባውን ፎቶግራፍ ግን አያነሣውም።

የባለቤትነት መብትስ? ሰውየው ደሴቱን ገዝቷል፤ ሰማዩን ግን አልገዛም። ዳርቻውንም ቢሆን አልገዛም፤ በቨርጂን ደሴቶች በ1971 የወጣ ሕግ የባሕር ዳርቻ የሕዝብ መተላለፊያ ነው ይላል። ይህ ለኛ አላስቸገረንም። ያስቸገረን በሃዋይ ያለችው ኒሃው የምትባል ደሴት ናት። አንድ ቤተሰብ በ1864 ከሃዋይ ንጉሥ በ10,000 ዶላር ገዝቷት፣ እስከ ዛሬ በዘሮቹ እጅ ናት። ካልተጋበዙ በቀር አይገባባትም። ሁለት መቶ የማይሞሉ የአገሬው ሰዎች የራሳቸውን ቋንቋ እየተናገሩ ይኖሩባታል። በሊትል ሴንት ጀምስ ላይ የማየት መብት አለን ካልን፣ ያው ሳተላይት በኒሃውም ላይ ያልፋል፤ የአንዲት አሮጊት ጓሮም ከነልብስ ማስጫዋ ይታየናል። እሷ ምን አደረገችን? «ክፉዎቹን ብቻ እንይ» እንዳንል ክፋቱን ለማወቅ አስቀድሞ ማየት ሊኖርብን ነው። በሌላ በኩል ደሴቲቱ ዝግ ትሁን ያለው ባለቤቱ ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር ከሰማይ አይነበብም። በዚህ ነጥብ ላይ ሦስት ቀን ተከራክረን የተስማማነው በግማሹ ብቻ ነው። መሬትና ባሕር ምን እንደተደረጉ ማየት የማንም ሰው መብት ይሁን፤ የግል መሬት ቢሆንም የሚታጠበው አፈር የጋራ ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው። በሰው ላይ ግን ከላይ ባየነው ብቻ አንፍረድ፤ ሰውን ማወቅ የፈለገ ወርዶ ይጠይቅ። ድቡ ቢኖርም።

እንግዲህ ንጉሡ ተከሰሰ ወይ? ተያዘ፤ በሐምሌ 2019። በነሐሴ 10 ቀን 2019 ችሎት ሳይቆም እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የተከሰሰው ንብረቱ ነው። በ2023 ሁለቱም ደሴቶች በ60 ሚሊዮን ዶላር ለሌላ ባለገንዘብ ተሸጡ፤ መዝናኛ ሆቴል ሊሠራባቸው እንዳቀደም ተናገረ። ጓደኛችን አሁን የሚከታተለው ይህንን ነው። አዲስ መንገድ ወጣ ወይ፣ ጣሪያው ተለወጠ ወይ እያለ በየሳምንቱ ያነባብራል። እኛም አልከለከልነውም።

ፎቶግራፎቹን በተማሪዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሊለጥፋቸው አስቧል። ጓደኛችን ደግሞ ያቺ ስለ ዋናተኛዋ ልጅ የምትናገረው የክሱ አንቀጽ ተተርጉማ ከጎናቸው ካልተለጠፈች አይሆንም ብላለች። እሱ ሰሌዳው ላይ ቦታ የለም ይላል። እሷም እንግዲያው ከፎቶግራፎቹ አንዱን አንሣ ትለዋለች። ይህ ጽሑፍ ለብዜት እስከተሰጠበት ቀን ድረስ የትኛው ዓመት እንደሚነሣ አልተስማሙም።