ያላመመን ሆድ መክፈት

የሆድ ዕቃን የሚመግብ ደም ቅዳ ግድግዳው በአንድ ቦታ ሲሳሳ በደሙ ግፊት እንደ ፊኛ ይወጠራል፤ ይህ አኑሪዝም ይባላል። በሆድ ዕቃ ደም ቅዳዎች ላይ ብዙም አይከሰትም፤ ከሚከሰተውም 60 በመቶ ያህሉ በጣፊያ ደም ቅዳ ላይ ነው፤ የጉበቱ ይከተላል። አብዛኛውን ጊዜ ስለማያምም ለሌላ ጉዳይ በተነሣ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ላይ በአጋጣሚ ይገኛል። ከፈነዳ ደሙ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ሆዱን ይዞ ሲወድቅ ድሮ ሰፈሩ የነበረው መልስ «መጋኛ መታው» የሚል ነበር።

ነገ ይፈነዳ ይሆናል ተብሎ ዛሬ ምንም ያላለውን ሰው ቀዶ ማከም ተገቢ ነውን? «ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም» በሚባልበት አገር ጥያቄው ከሐኪሙ ክፍል አልፎ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከባምቢስ ሰፈር ብዙም ሳይርቁ የዑራኤልና የእስጢፋኖስ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እናቶችን ያዋልዳል። ምእመኑ በሁለቱም ደጅ ይቆማል፤ ይህም ከእምነቱ ጋር አይጣላም። ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሕመምተኛው እንዲጸልይም፣ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥም ያዝዛል። በእስልምናም መድኃኒት መሻት በአላህ ላይ ያለን ተወኩል (መመካት) አያፈርስም። የሞትን ቀን የሚያውቅ አምላክ እብጠቱ የሚታይበትንም ቀን ያውቃል፤ ስለዚህ «ቀን» የሚለው ሙግት ሕክምናን ለመከልከል አይበቃም።

ይልቅ የሚከብደው ሚዛኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአሜሪካ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ያልፈነዳ የጣፊያ አኑሪዝም 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ እንዲታከም ይመክራል፤ ቀድሞ ወሰኑ 2 ነበር። ወሰኑ ሊለወጥ መቻሉ ራሱ ቁጥር ፍርድ እንዳልሆነ ያሳያል። ልጅ ለመውለድ ዕድሜዋ ለሚፈቅድ ሴት ግን መጠኑ አይጠበቅም፤ በእርግዝና ጊዜ ሲፈነዳ አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱንም ፅንሱንም ይገድላልና። የጣፊያው አኑሪዝም ደግሞ ከወንድ ይልቅ በሴት፣ በተለይም ደጋግማ በወለደች ሴት ላይ ይበዛል። እዚህ ላይ ማመንታት ለማንም አይበጅም።

ለሕክምናው፣ ያበጠውን የደም ቧንቧ በቀጭን ቱቦ ገብቶ በብረት ሽቦ ጥቅል መድፈን ይቻላል፤ ስቴንት (ቧንቧውን ከውስጥ የሚይዝ ቱቦ) የሚዘረጋበትም ጊዜ አለ። ይህ በማይገኝበት ወይም በማይመችበት ቦታ ሆድ ተከፍቶ ቧንቧው ይቋጠራል፤ አንዳንዴም ጣፊያው አብሮ ይወጣል። ለአንጀት ደም የሚያደርሰው ዋና ቧንቧ ግን እንዲሁ አይቋጠርም፤ አንጀቱ ደም አጥቶ ሊሞት ስለሚችል የደሙ መንገድ መጠገን አለበት። ጣፊያውን ያጣ ሰው በአንዳንድ ባክቴሪያዎች በብርቱ ይጠቃል፤ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ወባም ትጠናበታለች። ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለሥራ ወደ ቆላ ለሚወርድ ኢትዮጵያዊ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም።

ሁለት ዕዳ መዝኖ አንዱን መምረጥ ካለ፣ መራጩ የሆዱ ባለቤት ነው። በአገራችን ክፉ ዜና አስቀድሞ ለቤተሰብ የሚነገረው ሕመምተኛው እንዳይደነግጥ ተብሎ ነው፤ ከፍቅር የመጣ ልማድ ነው። ሆኖም ያላወቀ ሰው መጸለይም፣ እርግዝናን ማዘግየትም፣ ቀዶ ጥገናን እምቢ ማለትም አይችልም። ሐኪሙ እብጠቱን፣ መጠኑንና የሕክምናውን ዋጋ በሚገባት ቋንቋ ለራሷ ለታካሚዋ ይንገራት፤ ቤተሰቧና ነፍስ አባቷ እርሷ ስትፈቅድ ይጠሩ።