ጠባሳና ዕዳ

ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ በሚወስደው ቁጥር 95 አውራ ጎዳና ሲጓዙ፣ የሰሜን ቨርጂንያ መኖሪያ ሰፈሮችና የገበያ አዳራሾች ተቀጣጥለው ማለቂያ የሌላቸው ይመስላሉ። በእነዚሁ ሰፈሮች ጉያ ግን ፕሪንስ ዊልያም የተባለ፣ ከ15,000 ኤከር በላይ የሚሸፍን የደን ፓርክ አለ። ብዙ ዘመን ሕመምተኞቼን «በእግር ይሂዱ» እያልኩ ስመክር ኖሬ፣ እኔው ራሴ የማልሄድ ሰው ነበርኩ። ምክሩን ለራሴ ማዘዝ ከጀመርኩ ወዲህ፣ በዚህ ደን ውስጥ ቁልቁል ወደ ወንዝ አውርዶ፣ ዳገት አስወጥቶ፣ ወደ ተነሡበት ሥፍራ የሚመልሰውን ዙሪያ መንገድ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው በሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። መንገዱ ያስነሣብኝ ጥያቄ ግን ከዚያ የረዘመ ነው።

ደኑ ጥንታዊ ይመስላል እንጂ ገና ወጣት ነው። ይህ ምድር ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ትንባሆ ሲዘራበት ኖሮ አፈሩ ተሟጥጧል። ታጥቦ የሄደው ደለል በአቅራቢያው የነበረውን የደምፍሪስ ወደብ ሞልቶ ለመርከብ የማይመች አድርጎታል። እርሻ ሲተው በዚህ አገር መጀመሪያ የሚመጣው ፀሐይ ወዳዱ የቨርጂንያ ጥድ ነው፤ ከሥሩ ጥላ የሚችሉት ኦክና ቢች ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ በመጨረሻም ጥዱ በእነርሱ ጥላ ተውጦ ይወድቃል። መንገደኛው የወደቀውንም የተተካውንም ጎን ለጎን ያያል።

ወደ ወንዙ ሲወርዱ ከ1889 እስከ 1920 እ.ኤ.አ. የሠራ፣ ካቢን ብራንች የተባለ የማዕድን ማውጫ የነበረበት ቦታ ይደረሳል። የሚወጣው ፒራይት ነበር፤ ወርቅ የሚመስል የብረትና የድኝ ውሕድ ነው። ድኙ ለሰልፈሪክ አሲድ መሥሪያ ይፈለግ ነበር። ሥራው ሲቆም ከጉድጓዱ የወጣው ቁልል እዚያው ቀረ። ፒራይት አየርና ውሃ ካገኘ አሲድ ያመነጫልና፣ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላም ለ75 ዓመታት ያህል ዝናብ በዘነበ ቁጥር መርዙ ወደ ወንዙ ሲወርድ ኖረ። በ1995 እ.ኤ.አ. ቁልሉ ተስተካክሎ፣ አሲዱን የሚያበርድ ኖራ ተጨምሮበት፣ አፈር ለብሶ ዛፍ ተተከለበት። ለሐኪም ዓይን ይህ ደስ የሚያሰኝ ሥፍራ ነው። እኛም ሥጋን የምንፈውስ አይደለንም፤ የሞተውን ቆርጠን፣ መግሉን አፍስሰን፣ ሥጋው ራሱ እንዲድን መንገድ እንጠርግለታለን እንጂ።

ሆኖም በጸደይ ወራት፣ ማንም ባልተከለው ደን መካከል፣ አንድ ቀን ሰው የተከለው ዳፎዲል ቢጫ አበባውን ያወጣል። እዚያ ደጃፍ ነበረ። በዛፎቹ መካከል ትንንሽ የቤተሰብ መቃብሮችም አሉ። ይህ ምድር ባዶ አልነበረም። ጥቁሮችና ነጮች ተጎራብተው የኖሩበት ሂኮሪ ሪጅ፣ ባትስታውን የተባለውም የጥቁሮች መንደር በዚሁ አካባቢ ነበሩ። በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት መሬቱን «ለእርሻ የማይረባ» ብሎ መግዛት ያዘ። አንዳንዱ ወዶ ሸጠ፤ አንዳንዱ በሕግ ተገድዶ ተነሣ። በ1936 እ.ኤ.አ. የመዝናኛ ሥፍራ ሆኖ ተከፈተ፤ የከተማ ድሀ ልጆችም በየካምፑ ንጹሕ አየር አገኙ። ካምፖቹ ግን ለነጭና ለጥቁር ተለያይተው የተሠሩ ነበሩ።

ይህን ዓይነት ግዢ እንዲመራ በ1935 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የሰፈራ አስተዳደር» ይሆናል። ይህን ሳውቅ መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በ1977 ዓ.ም. ደሴ ላይ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጭነት መኪና ታጭቀው ወደማያውቁት አገር የሚወሰዱ ገበሬዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያና በተከታዩ ዓመት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል። የተሰጠን ምክንያት መሬቱ ተራቁቷል፣ ይረፍ፣ ለራሳቸውም ይበጃቸዋል የሚል ነበር። ሁለቱ ነገሮች እኩል አይደሉም። አንዱ በገንዘብና በፍርድ ቤት፣ ሌላው በረሃብና በጠመንጃ መካከል የተደረገ ነው። ይህን ልዩነት መካድ በሙታን ላይ መቀለድ ይሆናል። ክርክሩ ግን አንድ ነው፤ መሬቱ ከዳነ፣ ሰውን ማንሣቱ ትክክል ነበር ይላል።

እኔስ በጥላው የምደሰተው ሰው ምን እላለሁ? መሬቱ በእርግጥ ተጎድቶ ነበር፤ ደኑ በእርግጥ ያማረ ነው፤ የተነሡትም ዛሬ አብዛኞቹ በሕይወት የሉም። ታዲያ ያለፈውን መቆስቆስ ምን ይጠቅማል?

መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት የአገሬ ሴት ነው። በስኳር ሕመም ምክንያት እግራቸው ከጉልበት በታች የተቆረጠ እናት ነበሩ። መቆረጡ ተገቢ ነበር፤ ባይቆረጥ ይሞቱ ነበር። ከወራት በኋላ ጠባሳውን አይቼ «እማማ፣ ግሩም ሆኖ ድኗል» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ጠባሳው አምሯል ልጄ፤ እግሬን ግን አላመጣልኝም» አሉኝ። ቂም አልነበረባቸውም። ነገር ግን እኔ የማየው የቀረውን፣ እርሳቸው የሚያዩት የሄደውን ነበር። በደስታዬም ሐዘናቸውን ልሸፍነው ነበር። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው በክፉ ሰው ላይ ብቻ የተነገረ መስሎኝ ነበር። ለካ ለመልካም ብሎ የወጋም፣ ከፈውሱ የሚጠቀምም፣ ከሁሉ ቀድሞ ይረሳል።

መዳንና ዕዳን መክፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁስል በጊዜ ይድናል፤ ዕዳ ግን በጊዜ አይሰረዝም፤ የሚከፍለው ሰው ይፈልጋል። ደኑም ይቅር አላለም፤ ይቅርታ የሰው ሥራ ነውና። እርሱ ያደገው ማንም ስላልከለከለው ነው። መቶ ዓመት የቆመ ኦክ እንኳ ስለ አንድ ቤተሰብ መነሣት ምስክር ሆኖ «ትክክል ነበር» ሊል አይችልም።

በሕክምና መዝገብ «የቀድሞ ሕመም» የሚባል ክፍል አለ። የዳነው ቁስል፣ የተቆረጠው አካል፣ ያልተስማማው መድኃኒት እዚያ ይጻፋል። የሚጻፈው ለመካሰስ አይደለም፤ ቀጣዩ ሐኪም ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም ነው። መዝገቡን የሚያጠፋ ሐኪም ሕመምተኛው ስለዳነ ነው ቢል ማንም አይቀበለውም። ከደኑ ጥላ የምንጠቀም ሁሉ ቢያንስ ይህን ያህል ዕዳ አለብን። ደኑን ቁረጡ የሚል የለም፤ መዝገቡን አትዝጉ ነው።

ስለዚህ ልጆቼን ይዤ ስሄድ ከማዕድን ማውጫው ሰሌዳ ፊት አቁሜ አስነብባቸዋለሁ። ዳፎዲሉ ያበበበት ስንደርስም፣ እዚህ ደጃፍ ነበረ እላቸዋለሁ። ታናሿ አንድ ቀን «እነማን ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስማቸውን አላውቅም ነበርና አፈርኩ። በሚቀጥለው ጉዞ መጀመሪያ የሄድነው የመቃብሮቹን ድንጋዮች ለማንበብ ነው።