የአስታማሚ ልብ

ከባልና ከሚስት አንዱ በልብ ሕመም በተያዘ ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሕመምተኛው ያደርጋል፤ ዘመድና ጎረቤትም የሚጠይቀው የተኛውን ነው። በአጠገቡ ሲቆም የሚያድረውን ግን እንዴት አደርህ የሚለው ጥቂት ነው። ከዚህም አንድ ጥያቄ ይወጣል፤ ይኸውም አስታማሚ ለገዛ ሥጋው ማሰቡ ፍቅርን ማጉደል ነውን? የሚል ነው።

ብዙዎች ነው ይላሉ። ባሏ ታሞ ሳለ የምትበላ፥ ሚስቱ እየተጨነቀች የሚተኛ፥ ጨካኝ ይመስላቸዋል። ይህ አሳብ ምንጩ መልካም ነው፤ ፍጻሜው ግን መልካም አይደለም።

በአሜሪካ አገር ሊቃውንት መርምረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓመት ያወጡት ጽሑፍ ነገሩን ይገልጠዋል። ዕድሜያቸው ከ66 እስከ 96 ዓመት የሆኑትን ባለ ትዳሮች 4 ዓመት ያህል በተከታተሏቸው ጊዜ፥ የትዳር ጓደኛቸውን በጭንቀት የሚያስታምሙት፥ ይህ ሸክም ከሌለባቸው ይልቅ የመሞታቸው ነገር 63 በመቶ በልጦ ተገኘ። እያስታመሙ ጭንቀት ያላገኛቸው ግን እንዲህ ያለ ብልጫ አልታየባቸውም። እንግዲህ የሚጎዳው ከማስታመሙ ይልቅ ጭንቀቱ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ደግሞም ባልና ሚስት በደም ባይዛመዱ በማዕድ ይዛመዳሉ። ጨው የበዛበትን ወጥ ከአንድ መሶብ ይበላሉ፤ የአንዱን የትምባሆ ጢስ ሁለቱ ይተነፍሱታል። ስለዚህ የአንዱ ሕመም ለሌላው የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

በተክሊል አንድ ሥጋ ከሆኑም፥ እጁን እየፈወሰ እግሩን የሚያቆስል ጠቢብ የለም። ወንጌል ባልንጀራን ለመውደድ መለኪያ ያደረገው ራስን መውደድን ነው፤ መለኪያው የተሰበረበት ሰው በምን ይሰፍራል? ከጥማዱ በሬዎች አንዱ ቢያነክስ አራሹ ደኅነኛውን ገለባ አይነፍገውም።

ነገር ግን ዕረፍትን ምክንያት አድርጎ ከሕመምተኛው የሚሸሽ አለ፤ የዚህ ነገር ሌላ ነው። የሚለዩትም በፍጻሜያቸው ነው፤ አንዱ ለማገልገል ብሎ ያርፋል፥ ሌላው እንዳያገለግል ብሎ ያርፋል።

የሚደረገውም ከባድ አይደለም። ለሕመምተኛው የታዘዘውን ጨውና ስብ ያነሰበትን ምግብ ሁለቱም ይብሉት፤ የጨው ልክ ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፥ ትምባሆን መተው፥ የደም ግፊትን ማስለካት ይገባል። ሌሊቱን ዘመድ በተራ ይጠብቅ፤ ሊጠይቅ የሚመጣውም ካህን ሕመምተኛውን ከባረከ በኋላ ወደ አስታማሚው ዘወር ይበል።

የጓደኛውን ልብ የሚጠብቅ ሰው የገዛ ልቡን ልብ ይበል።