ከሺህ አንዱና ቀሪው

በይፋት ቆላ ድግስ የሚደግስ ሰው ቢላዋው ሁለት መሆኑን አይረሳም። ከአንኮበር ግርጌ ባለችው አሊዩ አምባ ሙስሊሙ ልጁን ሲድር ከደጋ ለሚወርዱ ክርስቲያን ወዳጆቹ ፍየል ወይም በግ ለይቶ በክርስቲያን እጅ ያሳርዳል። ክርስቲያኑም በተራው ለሙስሊም እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ቡናው አንድ ነው፣ ገበያው አንድ ነው፣ ለቅሶውም አንድ ነው። ሥጋው ላይ ሲደረስ ግን ማን አረደው፣ በማን ስም ተባረከ የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ መነሣቱንም ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም።

እነዚሁ ሰዎች መድኃኒት ቤት ሲገቡ ጥያቄውን ደጅ ጥለውት ይገባሉ። ክኒኑን ተቀብለው፣ በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ ሰምተው ይወጣሉ። የሳምንት መድኃኒት ከሆነ ነገሩ ቶሎ ያልፋል። የታይሮይድ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ለወጣ ወይም ሥራውን ላቆመባቸው ሰዎች ግን ክኒኑ በየማለዳው፣ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው። በየቀኑ ወደ ሆድ ስለሚገባ ነገር “ምን አለበት?” ብሎ መጠየቅ የሰውነትም የእምነትም ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ደግሞ አይቻልም።

የዕጢው ሕመም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። “በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” የሚል ተረት ያለው ሕዝብ እንቅርትን በሩቅ የሚያውቅ ሕዝብ አይደለም። ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ በዝናብ የታጠበ የደጋ አፈር ደግሞ አዮዲኑ የሳሳ ነው። በድሮ ጊዜ የአፋር ሲራራ ነጋዴዎች የአሳልን ሐይቅ ጨው በግመል ጭነው በአሊዩ አምባ በኩል ለሸዋ ያደርሱ ነበር፤ የተፈጥሮ ጨው ብቻውን ግን የዕጢውን ፍላጎት አይሞላም። በእኛም ዘመን እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ጨው ተቋረጠና ገበያው አዮዲን ባልተጨመረበት በአፍዴራ ጨው ተሞላ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ቁጥር 204 የደነገገው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከ5 ዓመት በኋላ በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ቤተሰብ በ9ኙ ገደማ አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቷል። ትልቅ ሥራ ነው። ይሁንና ጨው ይከላከላል እንጂ የጠፋን ዕጢ አይተካም። ለዚያ ያለው ክኒኑ ነው።

ክኒኑ ዛሬ ወዳለበት መልክ የደረሰው በእንስሳት ደም በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጆርጅ መሪ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ዕጢዋ ደክሞ ፊቷና እጇ ያበጠባትን፣ ንግግሯና እርምጃዋ የተጎተተባትን የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ ዕጢ ባወጣው ፈሳሽ አከማት። ሴትዮዋ ዳነች፤ እስከ 1919 ኖረች። በእነዚያ 28 ዓመታት ለእሷ ብቻ ከ870 የሚበልጡ በጎች ዕጢ ውሏል። እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ኤድዋርድ ኬንዳል ሆርሞኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጥሎ አወጣ፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ 3 ቶን ከሚጠጋ የዐሣማ ዕጢ 33 ግራም ሰበሰበ። ሃሪንግተንና ባርጀር የተባሉ የብሪታንያ ኬሚስቶች ደግሞ በ1927 ያንኑ ሆርሞን ያለ አንዳች እንስሳ በቤተ ሙከራ ሠሩት። ከበግ የወጣውም፣ ከዐሣማ የወጣውም፣ በብልቃጥ የተሠራውም በአቶም ደረጃ አንድ ናቸው፤ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነውም አዮዲን ነው።

ለይፋት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዐሣማ በኦሪት ዘሌዋውያን ለክርስቲያኑ፣ በቁርአን ለሙስሊሙ የተከለከለ ነው፤ ሁለቱ ቢላዋዎች የሚስማሙበት እርም ነው። ከደረቀ የዐሣማ ዕጢ የሚሠራ መድኃኒት አሁንም በአሜሪካ ይሸጣል፤ ለአሊዩ አምባ ሰው “ውሰደው” ማለት ይከብዳል። በቤተ ሙከራ የሚሠራው ሆርሞን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ከዚህ ጣጣ ያወጣል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል።

አላለቀም። ሌቮታይሮክሲን የሚመዘነው በማይክሮግራም ነው። ብዙዎች የሚወስዱት 100 ማይክሮግራም ከሚሊግራም አንድ አሥረኛ ነው፤ ክኒኑ ግን ራሱ 100 ሚሊግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ በምላስ ላይ ከሚያርፈው ነገር መድኃኒቱ ከሺህ አንዱ ብቻ ነው። የቀረው መሙያ፣ ማጣበቂያ፣ ማለስለሻና ቀለም ነው። ከወተት የሚወጣው ስኳር ላክቶስ፣ ከበቆሎ ወይም ከስንዴ የሚገኝ ስታርች፣ የግራር ሙጫ፣ ከአትክልትም ከእንስሳ ስብም ሊሠራ የሚችለው ማግኒዚየም ስቴሬት እንደ ፋብሪካው እየተፈራረቁ ይገባሉ። መድኃኒቱ ከእንስሳ ነጻ ከወጣ በኋላ የእንስሳው ጥያቄ ወደ ተሸካሚው ተዛውሯል ማለት ነው።

አካልም በራሱ መንገድ ይጠይቃል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት በአፍ ከሚወሰዱ መድኃኒቶች ከ90 በመቶ የሚበልጡት ለአንዳንድ ሰው አለርጂ ወይም የሆድ ሕመም ሊያስነሣ የሚችል ቢያንስ አንድ “ሥራ የሌለው” ንጥረ ነገር አለባቸው፤ ላክቶስ ያለባቸው 45 በመቶ ያህሉ ናቸው። በርግጥ በአንድ ስኒ ወተት ውስጥ 12 ግራም ገደማ ላክቶስ ሲኖር በአንድ ክኒን ያለው ከ100 ሚሊግራም አያልፍም፤ ወተት የማይስማማውን አብዛኛውን ሰው ይህች ታህል አታውከውም። ጥቂቶችን ግን ታውካለች። የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ዞሮበት ዕጢው የተጎዳበት ሰው ዘንድ ግሉተን የማይቀበል አንጀት ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይገኛል። የማሽላና የጤፍ እንጀራ የሚበላ የቆላ ሰው ስንዴን ከገበታው ለማራቅ ብዙ ላይቸገር ይችላል፤ በክኒን በኩል ይገባል ብሎ ግን በምን ያስባል? ቀለሙም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ገበያ ክኒኑ እንደ መጠኑ ስለሚቀለም ቀለም ቆዳቸውን የሚያሳክካቸው ሰዎች ቀለም የሌለውን ባለ 50 ማይክሮግራም ነጭ ክኒን እየደረቡ እንዲወስዱ ይደረጋል።

የሃይማኖት አባቶች መልስ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፦ መድኃኒት ምግብ አይደለም። ሕጉም ይደግፋቸዋል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለምእመናን ሁሉ ያወጀቻቸው የጾም ቀናት በዓመት ወደ 180 ይጠጋሉ፤ በእነዚህም ሥጋና ቅቤ ብቻ ሳይሆን ወተትም አይቀመስም። በሽተኛ ግን አይገደድም። ቁርአንም በሱረቱል በቀራ ሕመምተኛው የረመዳንን ጾም በሌላ ቀን እንዲተካ ይፈቅዳል፤ በዚያው ሱራ ቁጥር 173 የተቸገረ ሰው ወሰን እስካላለፈ ድረስ በእርሙ ኃጢአት እንደሌለበት ይናገራል። ሊቃውንቱ ይህን “ደሩራ” ይሉታል።

ከዚህ የሚጠነክር መከራከሪያም አለ፤ አትጠይቅ የሚለው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በገበያ የተሸጠውን ሥጋ ስለ ሕሊና ሳይመረምሩ እንዲበሉ ጽፏል። በቡኻሪ ሐዲስ ደግሞ ሰዎች የአላህ ስም ይጠራበት አይጠራበት የማይታወቅ ሥጋ ይዘው ሲመጡ ምን እናድርግ ተብለው የተጠየቁት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስሙን እናንተው ጠርታችሁ ብሉ ብለዋል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሕሊና በጥርጣሬ ብዛት እንዳይታመም ያዝናሉ። ይህን የመሰለ ርኅራኄ ማቃለል አይገባም፤ በየንክሻው ምርመራ ሰውን ከሰው ማዕድ ያፋታል።

ነገር ግን ይህ ርኅራኄ የተሰጠው ለማን ነው? ለበላተኛው ነው። አለመጠየቅ የእሱ ነጻነት ነው። ሠሪውና ሻጩ ግን ከዚህ ተነሥተው “ስለማይጠይቁ አንናገርም” ሊሉ አይችሉም። ጳውሎስም በዚያው ምዕራፍ ሰው ለጣዖት የተሠዋ መሆኑን ከነገረህ አትብላ ብሏል፤ ዕውቀት ሲመጣ ግዴታውም ይለወጣል። ደሩራም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ችግሩ እውነተኛ፣ ሌላ አማራጭም የሌለ መሆን አለበት። አማራጭ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ደግሞ በእጅ ባለው ክኒን ውስጥ ያለውን ማወቅ ይቀድማል። የማያውቅ ሰው በፈቃዱ ተጠቀመ አይባልም፤ ሌሎች ስለ እሱ ወስነውለታል።

በፈረንሳይ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሌቮታይሮክስ የተባለው ክኒን ሠሪ ሜርክ መድኃኒቱ ይበልጥ እንዲጸና በባለሥልጣናት ጥያቄ ላክቶሱን አውጥቶ ማኒቶልና ሲትሪክ አሲድ አስገባ። ላክቶስ ለማይስማማቸው ይህ መልካም ዜና መሆን ነበረበት። ሆኖም ክኒኑን ከሚወስዱት 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች መካከል ሺዎች ድካም፣ ማዞር፣ የፀጉር መርገፍ አገኘን ብለው ጮኹ። የመድኃኒቱ ጥራት ጉድለት አልተገኘበትም። የሊዮን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 ከ3,300 ለሚበልጡ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዩሮ እንዲከፈል የፈረደው ለውጡን በሚገባ አልነገራችኋቸውም በሚል ነው። ጥፋቱ ዝምታው ነበር።

በአገራችን ደግሞ ክኒን ብዙ ጊዜ ከነካርቶኑ አይሰጥም። ቅጠሉ ተቆርጦ፣ መጠኑ በፖስታ ላይ ተጽፎ ይሰጣል። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ያለበት ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሆኖ ከመድኃኒት ቤቱ አይወጣም። ፋርማሲስቱ ያንን ወረቀት አንብቦ “ይህ ከወተት የወጣ ስኳር አለበት፣ ያኛው የለበትም” ቢል የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ነው። የንስሐ አባቱም ሆነ ኢማሙ እውነተኛ ምክር ሊሰጡ የሚችሉት ያን ሲሰሙ ነው። አባቶች በሕክምና ጉዳይ ግልጽ ቃል ሲናገሩ የሚሆነውን ኢትዮጵያ አይታለች፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ሲናገሩ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ተብሎ ለተጨነቀው በሽተኛ መንገድ ከፍተውለታል።

ጊዜውን በተመለከተ ግን ሁለቱም ጾሞች ከክኒኑ ጋር አይጣሉም። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጣል፤ ቡና ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ ይህ በጠዋት ጀበና ለሚጣድበት ቤት የሚከብድ ትእዛዝ ነው። በደም ውስጥ ያለው ሆርሞን በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት ሰዓቱ ከጠዋት ወደ ሌሊት ቢዛወር ጉዳት የለውም። በረመዳን ከሱሑር በፊት ወይም ከኢፍጣር ብዙ ቆይቶ በመኝታ ሰዓት ሊወሰድ ይችላል።

በጣም አስቸጋሪው ጄላቲን ነው። ላክቶስ፣ ስታርችና ቀለም የሌለበት፣ ከሆርሞኑ ሌላ ጄላቲን፣ ግሊሰሪንና ውኃ ብቻ ያለው ካፕሱል በውጭ ገበያ አለ፤ ብዙ ነገር ለማይቀበል ሰውነት እጅግ የሚመች ነው። ጄላቲን ግን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል። የየትኛው እንስሳ? ከበሬ ቢሆንስ በማን እጅ የታረደ? እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ የሕክምናና የእስልምና ሕግ (ፊቅህ) ሊቃውንት ነገሩ ባሕርዩ ከተለወጠ ንጹሕ ነው ብለው ወስነዋል። በሐረርና በምሥራቁ ቆላ ሥር የሰደደው የሻፍዒ የሕግ ትምህርት (መዝሀብ) ግን እንዲህ ያለውን መለወጥ ከመቀበል ይቆጠባል፤ የዐሣማ ቆዳ ቢለፋም አይነጻም ይላል። ለአካል የሚቀለው ለሕሊና የሚከብድበት ቦታ ይህ ነው። ጄላቲኑም የቀረበት፣ ከሆርሞኑ ሌላ ግሊሰሪንና ውኃ ብቻ ያለው ፈሳሽ ዓይነትም ተሠርቷል፤ ዋጋው ግን ከተራው ክኒን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ ለአሊዩ አምባ ታማሚ በቅርብ ያለው መንገድ ከተራዎቹ ክኒኖች መካከል የሚስማማውን መለየትና ከተገኘ በኋላ በዚያው መቆየት ነው። የፋብሪካ ለውጥ ሲመጣ፣ ስሙ አንድ ቢሆን እንኳ፣ ለሐኪሙ ማሳወቅና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም መመርመር ያስፈልጋል፤ ከሺህ አንዱ እንኳ በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ልብና እንቅልፍ ይናጋሉና። አሮጌውን ቅጠል ሳይጥሉ ለፋርማሲስቱ ማሳየት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።