ሉፕ፣ የሴት ፈቃድና የጸሎት ቀን

በማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውና በተለምዶ ሉፕ የሚባለው የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚዎቹን ምን ያህል እንዳረካ ሲጠየቅ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ስንቶቹ ይዘውት ቆዩ፣ ስንቶቹስ ጊዜው ሳይደርስ አስወጡት ከሚል ቁጥር ነው። ይህ አቆጣጠር ለጤና ዕቅድ ይጠቅማል፤ እርካታን ግን አይለካም፤ ይዛው የቆየች ሁሉ ረክታ፣ ያስወጣችም ሁሉ ተማርራ ነው ማለት አይቻልምና። ደስ ሳይላት «አውጡልኝ» ማለቱን ፈርታ ዓመታት የምትቆይ ሴት አለች፤ ሦስት ዓመት ተገልግላበት መውለድ ስትፈልግ አመስግና የምታስወጣም አለች። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጎፋ እስከ ሃና ማርያምና ጀሞ ድረስ ቅዳሴና አዛን ባንድ ሰፈር በሚሰሙበት አካባቢ፣ ይህ ልዩነት የሕክምና ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትም ጥያቄ ይሆናል።

መሣሪያው ራሱ ትንሽ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ የሚሰጠው የመዳብ ሉፕ በላቲኑ «ቲ» ፊደል ቅርጽ ከፕላስቲክ የተሠራና ርዝመቱ 36 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በላዩ ያለው መዳብ የገጽ ስፋቱ 380 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ከግርጌው ሁለት ቀጫጭን ክሮች ይወርዳሉ፤ ባለሙያዋም ከማህፀን አንገት በታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር አስቀርታ ትቆርጣቸዋለች። ከ100 ተጠቃሚዎች በመጀመሪያው ዓመት የሚያረግዙት አንድ አይሞሉም፤ አገልግሎቱም ቢያንስ 10 ዓመት ይዘልቃል። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ባል ካላቸው ሴቶች መካከል መርፌ የሚወስዱት 23 በመቶ ሲሆኑ ሉፕ ያስገቡት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ለዚህ ማነስ ቶሎ የሚጠቀሰው ምክንያት አሉባልታ ነው፤ ሉፑ ወደ ልብ ይወጣል፣ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ። ወሬው ሐሰት ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም ጥርጣሬ አሉባልታ ብሎ መጥራት እውነተኛውን የኅሊና ጥያቄ ይሸፍናል። አንዲት ምእመን «የተፀነሰውን ያጠፋል ወይ?» ብላ ስትጠይቅ የምትጠይቀው ስለ ኃጢአት ነው። የሚገባት መልስም መዳቡ በዋናነት የወንዱን ዘር አድክሞ ከሴቷ እንቁላል ጋር እንዳይገናኝ በማድረግ ማለትም ከፅንስ በፊት እንደሚሠራ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ድርሻ ግን ፈጽሞ የለም ተብሎ እንዳልተዘጋ የሚነግራት ሙሉ መልስ ነው። ግማሹን ሰምታ የምትፈቅድ ሴት የፈቀደችው ግማሹን ነው።

ከዚህ ይልቅ በምክር ክፍሉ እምብዛም የማይነሳው ጉዳይ ደም ነው። የመዳብ ሉፕ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት የወር አበባን ሊያበዛና ሊያስረዝም፣ በመካከሉም ጠብ የሚል ደም ሊያመጣ ይችላል፤ ባለሙያዎች ይህን «የጎንዮሽ ጉዳት» ይሉታል፣ ማለትም ሕክምናው ሳይፈልገው የሚከተል ነገር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልማድ ግን ደም ያለባት ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም፤ ስለዚህ አምስት ቀን የነበረው አሥር ሲሆን የሚረዝመው ከቅዳሴው ውጭ የምትቆምበት ጊዜ ነው። ለሙስሊሟም የወር አበባ ከሶላትና ከጾም የሚያግድ በመሆኑ ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ሊቃውንቱ ግን ከወር አበባው ወሰን ያለፈውን ደም «ኢስቲሓዳ» ብለው ለይተው፣ በሻፊዒ መዝሀብ ከ15 ቀን ያለፈ ደም ያለባት ሴት ለየሶላቱ ውዱእ እያደረገች እንድትሰግድ ደንግገዋል። ይህን ድንጋጌ የማታውቅ ሴት በማይገባት ቀን ከሶላት ትቀራለች፤ የሚያሳዝነውም ነርሷ የሃይማኖቱን፣ ዑስታዙ ወይም የንስሐ አባቱ የሕክምናውን ሳያውቁ ሴቲቱ በመካከላቸው ብቻዋን መቅረቷ ነው።

የደም ነገር በአገሪቱ የሐሳብ ታሪክም ተመርምሯል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ ራሱ የሚናገረው፣ ደራሲነቱ ግን እስካሁን ሊቃውንትን የሚያከራክረው «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ»፣ የወር አበባን እንደ ርኩሰት የሚቆጥረውን የኦሪት ሕግ ይቃወማል፤ ክርክሩም ፈጣሪ በሴት ተፈጥሮ ውስጥ ያኖረውን ነገር የሚያረክስና ጋብቻን የሚያውክ ሕግ ከፈጣሪ ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ምእመናን ይህን ድምዳሜ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም፤ ብዙዎችም አይቀበሉትም። ይሁንና መጽሐፉ የሴትን ሰውነት በአእምሮ ሚዛን ሊመረመር የሚገባው ነገር አድርጎ ማቅረቡ፣ የዘርዓ ያዕቆብን ሚስት ኂሩትንም አገልጋዩ ሳትሆን በጋብቻ እኩያው አድርጎ መግለጹ፣ ለዛሬው ጥያቄ መነሻ ይሆናል፤ ሰውነቱ የእርሷ ከሆነ ስለ ሰውነቱ የሚሰጠው ፍርድም አስቀድሞ የእርሷ መሆን አለበትና።

ሉፕን ከክኒንና ከመርፌ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ክኒን የምትውጥ ሴት በቃኝ ስትል በማግስቱ ትተወዋለች፤ መርፌ የምትወጋም ቀጠሮዋን ታስቀራለች። ሉፕን ማቆም ግን የሌላ ሰው እጅ ይጠይቃል። ስለዚህ በገባበት ቀን የተሰጠው ፈቃድ ለ10 ዓመት የተፈረመ ውል ተደርጎ ከተወሰደ ነፃነቱ ይቀራል። «እህቴ፣ ትንሽ ታገሺ፣ ሰውነትሽ ይለምደዋል» የሚለው ምክር መጀመሪያ ሲነገር እውነትም ርኅራኄም አለው፤ ደሙ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይቀንሳልና። ሴቲቱ ሰምታና አስባ ተመልሳ ስትመጣ ያው ቃል ከተደገመላት ግን ምክርነቱ ያበቃል፤ ለማስወጣት የባል ፈቃድ ሲጠየቅማ ይባስ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ መብቱን በመጀመር ብቻ አልወሰነውም። ክሩን በመሣሪያ ይዞ ሉፑን ማውጣት ክሩ እስከታየ ድረስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ በመሆኑ፣ «ይውጣልኝ» ያለች ሴት ለሌላ ቀን የምትቀጠርበት የሕክምና ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የለም።