የተከዳ ሰው ዕዳ

ከቀበና ወንዝ አንስቶ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባለው የየካ ዳገት የአውሮፓ መንግሥታት ተጎራብተው ይኖራሉ። የእንግሊዝ፣ የጣሊያን፣ የሩሲያ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ኤምባሲዎች በእንጦጦ ግርጌ የያዙት ሰፋፊ ግቢ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ወዳጅነት ፈልገው ለመጡ መልእክተኞች በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሰጠ መሬት ነው። ከአጥሮቹ ውጭ ባለው መንገድ ዛሬም ከተራራው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ። እስሩ ከራሳቸው ቁመት ይረዝማል፤ ጀርባቸው ላይ አግድም ተኝቶ ደረታቸው ላይ በተቋጠረ ገመድ ይያዛል። መኪና ሲመጣ ጎንበስ እንዳሉ ወደ ጎን ዞረው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። በግቢው ውስጥ ስለ ጦር ቃል ኪዳንና ስለ ታሪፍ የሚጻፈው ደብዳቤ ከአጥሩ ውጭ ከሚያልፈው ሸክም ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ የሚያገናኛቸው አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፦ በሚተማመንበት ወዳጁ የተከዳ ሰው፣ ከእሱ ለሚያንሰው ያለበት ዕዳ ይቀልለታል ወይ?

ጥያቄው ዛሬ በአውሮፓ ደጃፍ ቆሟል (ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ከ1949 ጀምሮ በአንዱ ላይ የተቃጣ በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል በሚለው የኔቶ ውል የኖሩ አገሮች፣ የውሉ ዋና ዋስ የነበረችው አሜሪካ በ2025 ፊቷን ስታዞርባቸው አዩ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኤፕሪል በአውሮፓ ኅብረት ሸቀጥ ላይ የ20 በመቶ ታሪፍ አወጁ፤ በጁላይ ስኮትላንድ ውስጥ በተደረሰ ስምምነት 15 በመቶ ላይ ረጋ። የኔቶ መሥራች አባል ዴንማርክ ግሪንላንድን እንድትለቅ በአደባባይ ተጠየቀች። አውሮፓውያኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በጁን ሄግ ላይ ተሰብስበው እስከ 2035 ድረስ ከአገራዊ ምርታቸው 5 በመቶውን ለመከላከያና ከእሱ ጋር ለተያያዘ ጉዳይ ለማዋል ተስማሙ። ብራስልስ እስከ 800 ቢሊዮን ዩሮ ለማንቀሳቀስ ያለመ የትጥቅ ዕቅድ አወጣች። ጀርመን የመንግሥትን ብድር የሚገድበውን የሕገ መንግሥቷን ድንጋጌ ለመከላከያ ስትል አላላች። እስከዚህ ድረስ የምነቅፈው ነገር የለኝም። ዩክሬን ስትወረር በዓይኑ ያየ ሰው አጥሩን ቢያጠብቅ ሊፈረድበት አይገባም።

ነገሩ የሚከብደው ገንዘቡ ከማን እንደሚወሰድ ሲጠየቅ ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር በፌብሩዋሪ 2025 የመከላከያ ወጪን ወደ አገራዊ ምርታቸው 2.5 በመቶ ለማሳደግ ሲሉ፣ ለድሃ አገሮች የሚሰጠውን ዕርዳታ ከብሔራዊ ገቢያቸው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ በ2027 እንደሚያወርዱት ለፓርላማ ተናገሩ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ ውሳኔውን ተቃውመው በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጀርመንም ለጦር ብድሯን በፈታችበት በዚያው ዓመት የልማት ትብብር በጀቷን ቀነሰች። አሜሪካ ደግሞ ቀደም ብላ በጃንዋሪ የውጭ ዕርዳታዋን አግዳ፣ በዚያ ገንዘብ እዚህ አገር ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጦ ነበር። እንግዲህ የከዳውም የተከዳውም ከአንድ ሰው ሳህን ላይ ቀነሱ ማለት ነው። የእኛ ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ይህን ነው፤ ዋሽንግተንን የፈራ ክንድ የሚያርፈው ዋሽንግተን ላይ አይደለም።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ የአንድ ዓመት የበጀት ጭንቀት ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን የየካ ዳገት ነዋሪዎች ከዚህ ቀደምም አድርገውታል። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በዲሴምበር 1906 ለንደን ላይ ሲፈራረሙ፣ እርስ በርስ ከመጠራጠርና የጀርመንን መነሣት ከመስጋት የመጣውን ጭንቀታቸውን ያቀለሉት ኢትዮጵያን በጥቅም ቀጠና በመከፋፈል ነበር። ሦስቱም ለጋሲዮናቸው እዚሁ፣ ምኒልክ ባስጠጓቸው መሬት ላይ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ውሉ ሲነገራቸው ስላሳወቋቸው አመስግነው፣ የእሳቸውን ሉዓላዊ መብት ግን በምንም እንደማያስር አስታወቁ።

የ1935ቱ ግን ከዚያም የመረረ ነው፣ ለዛሬውም የሚቀርበው እሱ ነው። ፈረንሳይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ተስፋ የተሰጣትን የደኅንነት ዋስትና አላገኘችም፤ የአሜሪካ ሴኔት ፊት ነስቷታል። ሂትለር ጦሩን መገንባት ሲጀምር ፓሪስና ለንደን የቀራቸው ወዳጅ ሙሶሊኒ መሰላቸው። በጃንዋሪ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተስማማ። በኤፕሪል ሦስቱ መንግሥታት ስትሬዛ ላይ ተገናኝተው ሰላምን ለመጠበቅ ቃል ሲገቡ፣ በመግለጫው የጠበቁት የአውሮፓን ሰላም ብቻ ሆነ፤ በአፍሪካ ስለሚሆነው የእንግሊዝ ልዑካን ዝምታን መረጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። የጦር መሣሪያ ሽያጭ እገዳው በሁለቱም ወገን ላይ ነው ተባለ፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያላት ግን ጣሊያን ብቻ ነበረች። ማዕቀቡ ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። በዲሴምበር የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና ላቫል ሰፊውን የኢትዮጵያ መሬት ለወራሪው ሊያስረክቡ ያረቀቁት ዕቅድ በፓሪስ ጋዜጦች ሾልኮ ወጥቶ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ፖሊሲው ግን አልተለወጠም።

በሜይ 1936 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከአገር ከወጡ በኋላ አዲስ አበባ ስትዘረፍና ስትቃጠል አንድ ነገር ሆኗል። በከተማው የነበረው የአሜሪካ ለጋሲዮን ጥቃት ደረሰበትና በየካ ግርጌ ካለው የእንግሊዝ ለጋሲዮን ዕርዳታ ፈለገ። በቀጥታ መገናኘት ስላልቻሉ መልእክቱ በሬዲዮ ወደ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን ወደ ለንደን፣ ከለንደን ተመልሶ ወደ አዲስ አበባ መጣ። አትላንቲክን ተሻግሮ የዞረው ያ መልእክት በሰላም ደረሰ፤ ወታደሮች ተላኩ፤ ሰዎቹ ተረፉ። በመትረፋቸው ማንም ሰው ሊያዝን አይችልም። የሚያሳዝነው፣ ለራሳቸው ወገን ዓለምን ዞሮ ለመድረስ የቻለው ወዳጅነት፣ ቃል ለተገባላት አገር ከጄኔቫ የቅርብ መንገድ እንኳ አለመሄዱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ከተናገሩ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ማዕቀቡ እንዲነሣ ተወሰነ። በ1938 እንግሊዝ የጣሊያንን ግዛት በሕግ አወቀች።

ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ የስሌት ስህተት ያደርጉታል፤ ኢትዮጵያ የተሸጠችበት ወዳጅነት በዓመቱ ሂትለር ጎን ቆመ ይላሉ። እውነት ነው። ይሁንና እኔ የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ስሌቱ ቢሳካስ ኖሮ? ሙሶሊኒ ለስትሬዛ ታማኝ ሆኖ ሂትለርን ቢያግደው፣ በመርዝ ጋዝ ያለቀው የገበሬ ሠራዊት ዋጋው ተከፈለ ሊባል ነው? አይባልም። ድርጊቱ የከሸፈ ስለሆነ ብቻ የምንኮንነው ከሆነ፣ የተሳካለትን ልናመሰግን ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው የማይምረው አገልጋይ ምሳሌም የሚናገረው ስለ ስሌት አይደለም። ያ አገልጋይ ለጌታው እልፍ መክሊት ዕዳ ነበረበት፤ ተጨንቋል፤ ሚስቱና ልጆቹ ሊሸጡ ነበር። ከጌታው ፊት እንደወጣ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንገቱን አነቀው። በምሳሌው ውስጥ የሚያስፈርድበት ጨካኝነቱ ብቻ አይመስለኝም። ጭንቅን ያወቀ ሰው ሆኖ ሳለ ያወቀውን ጭንቅ ለሌላው ማሸጋገሩ ነው። አንድ ልዩነት አለ፤ አገልጋዩ ምሕረት አግኝቶ ነበር፣ የዛሬዎቹ መንግሥታት ግን ከዋሽንግተን ምሕረት አላገኙም። ስለዚህ ዕዳቸው ያንሳል የሚል ይኖራል። ነገር ግን ባልንጀራው የተበደረው ከጌታው አልነበረም፤ የሁለቱ ሂሳብ የተለያየ ነው። የላይኛው ባይምርህ፣ በታችኛው ላይ ያለህ መብት በዚህ ምክንያት አይጨምርም።

ለዚህ የሚሰጠው ጠንካራ መልስ መንግሥት እንደ አንድ ሰው አይደለም የሚለው ነው። ሚኒስትር የራሱን ገንዘብ አይመጸውትም፤ የሕዝቡ አደራ ጠባቂ ነው፣ ሕዝቡ አደጋ ላይ ሲሆን የሩቁን ትቶ የቅርቡን ማዳን ግዴታው ነው። የቅርቡን ማዳን ግዴታ መሆኑን እቀበላለሁ። አደራ ጠባቂ ግን በአደራው ስም የተገባን ቃል የማፍረስ ነጻነት የለውም። ባለጸጋ አገሮች ከገቢያቸው 0.7 በመቶ እንዲሰጡ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1970 ወስኗል፤ እንግሊዝ በ2015 በሕጓ ጽፋዋለች፤ በ2021 ወደ 0.5 አወረደችው፣ አሁን ወደ 0.3። ለጦሩ የሚሆነውን ከግብር፣ ከብድር ወይም ከሌላ ወጪ ማግኘት ይቻል ነበር፤ ጀርመን ለጦር ሲሆን የብድር በር እንደሚከፈት አሳይታለች። እንዲቀነስበት የተመረጠው ግን በለንደንና በበርሊን የምርጫ ካርድ የሌለው ሰው ነው፤ ምክንያቱም እሱ ቢቀነስበት የሚወድቅ መንግሥት የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከእኛው ወገን የሚመጣ ነው፦ ዕርዳታ ያሰንፋል፣ ያዋርዳል፣ ቢቀር ይሻላል። ስለ ረጅሙ ጊዜ ከሆነ እስማማለሁ፤ በሰው እጅ መኖር ለአገር ክብር አይደለም። ይሁን እንጂ የኤችአይቪ መድኃኒቷን ከጤና ጣቢያ በየጊዜው የምትወስድ እናት ራስን ስለመቻል በሚነገር ንግግር አትድንም። ጡት ማስጣል ጊዜና ዝግጅት ያለው ነገር ነው፤ በአንድ ደብዳቤ ሲሆን ስሙ ሌላ ነው። ደግሞም የራሳችንን ቤት ሳንመረምር ልንናገር አንችልም። ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም ተስማምታ ብርን ለገበያ ስትለቅ፣ ጫናው ከውጭ ነበር፤ የዋጋው ሸክም ግን የወረደው ደመወዙ ባለበት በቆመው ሠራተኛና እንጀራዋን በእንጦጦ ቅጠል በምትጋግረው ላይ ነው። አበዳሪ ያስጨነቀው መንግሥት ድምፁ በማይሰማ ዜጋ ላይ ሲከብድ፣ እሱም ያንኑ አገልጋይ ሆኗል። በሌላ በኩል ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን በዚሁ ድህነቷ አስጠግታለች፤ ይህንም መርሳት ግፍ ነው።

የመጨረሻው መከላከያ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የተጨነቀ ሌላ ማድረግ አይችልም። የመንግሥታቱ ማኅበር የ1935ቱ ጉባኤ ይህንንም ያፈርሰዋል። ሄይቲ ለ19 ዓመታት በአሜሪካ ጦር ተይዛ የቆየች፣ ወታደሮቹ ከወጡላት ገና ዓመት ያለፋት ድሃ አገር ነበረች። ወኪሏ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በጄኔቫ ተነሥቶ፣ ዛሬ በኢትዮጵያ የሚሆነው ነገ በማንኛውም አገር ላይ ሊደርስ እንደሚችል ታላላቆቹን አስጠነቀቀ። ሜክሲኮ ወረራውን ሕጋዊ ነው ብላ አላወቀችም፤ በስሟ የተሰየመው አደባባያችን የዚያ ምስጋና ነው። ራሷም ነዳጇን የመንግሥት ንብረት ባደረገችበት በ1938 የእንግሊዝና የአሜሪካ ኩባንያዎች ገበያ ዘጉባት፤ በኢትዮጵያ ላይ ያላትን አቋም ግን ለገበያው ስትል አልሸጠችም። ለንደንና በርሊን ዛሬ ያላቸው ሀብትና ጉልበት ከእነዚህ ከሁለቱ አይወዳደርም። የሚጠየቁትም ከተሞቻቸውን ያለ ጥበቃ እንዲተዉ አይደለም፤ ከ0.5 ወደ 0.3 የሚወርደውን፣ ከልማት በጀት የተቆረጠውን፣ ወደ ቦታው መልሰው የራሳቸውን ፍርሃት ዋጋ ራሳቸው እንዲከፍሉ ነው።